ኔሊ አታር፦ ከሪያድ እስከ ኬቱ ጫፍ

ኔሊ አታር ሪያድ ያደገች ሊባኖሳዊት ተራራ ወጪ ናት። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ከባሕር ጠለል በላይ 8,611 ሜትር የሆነውን የኬቱን ጫፍ በመርገጥ የመጀመሪያዋ ዓረብ ሴት ሆናለች (በጽሑፉ ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በፓኪስታንና በቻይና ድንበር ላይ የሚገኘው ኬቱ በቁመት ከኤቨረስት ጥቂት ቢያንስም፣ በገደሉና በበረዶ ናዳው የተነሳ ተራራ ወጪዎች አብልጠው ይፈሩታል። ኤቨረስትን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ፣ በሜይ 2019 ወጥታዋለች፤ አብሯት በወጣው ቡድን ውስጥ ሳዑዲያዊቷ ሞና ሺሃብ፣ ኦማናዊቷ ናዲራ አል-ሃርቲ እና ሌላዋ ሊባኖሳዊት ጆይስ አዛም ነበሩ።

ከከፍታው ይልቅ የሚያስገርመው መነሻዋ ነው። ሪያድ በነጅድ አምባ ላይ የተዘረጋች፣ በ2022 ቆጠራ 7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ የተመዘገበባት ከተማ ናት። በሞቃቱ ወራት ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። የነዳጅ ሀብት ያስፋፋት ከተማ ስለሆነች የተሠራችውም ለመኪና ነው፤ ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ሰፈርን ከሰፈር ይለያሉ፣ ቤቶቹም በረጃጅም አጥር ተከልለዋል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ለረጅም ጊዜ ማንም ያላሰበለት ፍጡር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሴቶች ላይ ደግሞ የሕግና የልማድ ክልከላ ተደርቦ ቆይቷል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሴት ተማሪዎች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የተፈቀደው በ2017 ነው። የሴቶች ጂም ፈቃድ መውጣት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በጃንዋሪ 2018 ስታዲየም ገብተው ጨዋታ እንዲመለከቱ፣ በጁን ደግሞ መኪና እንዲነዱ ተፈቀደ። ከከተማ ወጥቶ ገደል ወይም ሸለቆ ለመድረስ መኪና የግድ በሆነበት አገር፣ ለእግር ጉዞ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይኸው የመጨረሻው ፈቃድ ነው። የጅዳዋ ራሃ ሙሐራቅ ኤቨረስትን የወጣች የመጀመሪያዋ ሳዑዲያዊት የሆነችው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ2013 ነበር።

አታር የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። በ2017 ያንን ሥራ ትታ በሪያድ «ሙቭ» የተሰኘ የዳንስና የአካል ብቃት ስቱዲዮ ከፈተች። ወጣት ሴቶች ስፖርትን እንደ ነውር ሳያዩ እንዲለማመዱ በር መክፈቷ፣ ተራራውን ከመውጣቷ ባልተናነሰ የሚያስመሰግናት ሥራ ነው።

የሪያድ ወጣቶች ለመውጣት የሚመርጧቸው ቦታዎችም ባለፉት ዓመታት በዝተዋል። ከተማዋን በምዕራብ በኩል የሚያዋስነውና 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዋዲ ሐኒፋ ለዓመታት ድንጋይና አፈር ሲቆፈርበት፣ ቆሻሻ ሲጣልበትና ፍሳሽ ሲለቀቅበት ቆይቷል። ከ2001 በኋላ በተካሄደው ሰፊ ሥራ የቆሻሻ ክምሩ ተነሣ፤ የከተማው ፍሳሽም በድንጋይ እርከኖችና በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት እንዲጣራ ተደረገ። ዛሬ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ የሚውልበት ሸለቆ ነው። ፕሮጀክቱ በ2010 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ደግሞ የጡወይቅ ገደል «የዓለም ጠርዝ» በተባለው ስፍራ በድንገት ተቆርጦ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በ2019 ይፋ የተደረገው ስፖርት ቡሌቫርድ 135 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የእግር፣ የብስክሌትና የፈረስ መንገድ እንዲሆን የታቀደ ነው።

ኢትዮጵያውያን ስለ ሪያድ ሲያወሩ ቶሎ የሚነሣው ግን መንፉሃ ነው። ጥንት በዋዲ ሐኒፋ ዳር የነበረችው ይህች መንደር በኋላ የስደተኛ ሰፈር ሆነች፤ በኖቬምበር 2013 ፈቃድ በሌላቸው ስደተኞች ላይ በተጀመረው አፈሳ ስሟ በየኢትዮጵያዊው ቤት ተሰማ። በዚያ ዘመቻ ከመላ ሳዑዲ ዓረቢያ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በየግቢው የቀሩት የቤት ሠራተኞች በሠራተኛ ሕጉ አይሸፈኑም፤ የወጣላቸው የተለየ ደንብ ከ2013 ጀምሮ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ቢሰጣቸውም፣ በዚያ ቀን ከግቢው ወጥተው ሸለቆውን ማየታቸው በአብዛኛው በአሠሪያቸው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።