አሮጌ ሃይሉክስን በግቢ ውስጥ ማደስ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ የሚጣል ዕቃ አይደለም። የፋርጣ ድንች፣ የጋይንት ገብስ፣ የፎገራ ሩዝ ከማሳ ወደ አስፋልት ዳር የሚደርሰው በአህያ፣ በጋሪ፣ ሲገኝም በፒክአፕ ነው። አዲሱ ፒክአፕ ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ። ግቢው ውስጥ የቆመ ሃይሉክስ ያለው ሰውም ደጋግሞ ይጠይቃል፦ በትንሽ ገንዘብ ላስነሣው እችላለሁ ወይ? ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቀ።

ሃይሉክስን ቶዮታ ለገበያ ያቀረበው በ1960 ዓ.ም. ነው። ልክ 100 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ በሠረገላ ጭነው፣ መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። የዚህ አገር ዳገትና ቁልቁለት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጫኝን ሲፈትን ኖሯል።

ለቤት እድሳት የሚመቹት ቱርቦ የሌላቸው፣ ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር የተገጠመላቸው የድሮዎቹ ሃይሉክሶች ናቸው። ኮምፒዩተር የላቸውም፤ የናፍጣ ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው። ካቢናውና ካሶኒው በሻንሲ ላይ በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው ተራ በተራ ሊወርዱ ይችላሉ።

ምርመራው ከሻንሲ ይጀምራል። ጭቃ የሚጠራቀመው ከኋላ ጎማ በላይ፣ ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ ስለሆነ ዝገትም የሚበላው እዚያ ነው። በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። አካሉን ደግሞ በማግኔት ይፈትሹ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ የተሞላ ነው። መኪናውን ገና የሚገዙት ከሆነ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን፣ ዕዳ ወይም እግድ አለመኖሩንም ያረጋግጡ። ሻንሲው ከተበላ ወይም ቁጥሩ ካልገጠመ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ሞተሩን ጠዋት፣ ሳይሞቅ ያስነሡት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ይናገራል። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ከራዲያተር ውሃ መጉደል ጋር፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ያስጠረጥራል። ጥቁሩን ጭስ ለመፍረድ ግን አይቸኩሉ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ፖምፓው እንደ ቆላ ናፍጣ ሲሰጥ አየሩ አይበቃውም፤ ጉልበት ይቀንሳል፣ ጭስ ይወጣል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ይቀይሩ።

ከፍታው ራዲያተር ላይም ዕዳ አለው። እዚህ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ የመፍያ ነጥቡን ከ100 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ጋሳይ ዳገት ላይ ውሃውን ያስፈላል፣ ቴስታታውንም ለአደጋ ይዳርጋል። ብዙ ሰው መፍትሔው ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል ይመስለዋል። በደጋ ብርድ ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሳይሞቅ እየሠራ ቶሎ ያልቃል። ክዳኑ ይቀየር፣ ራዲያተሩ ይታጠብ፤ ቴርሞስታቱ ቦታው ላይ ይቆይ።

ቀጥሎ ፍሬን። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ መንገዱ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር ይወርዳል። የፍሬን ዘይት በዕድሜው እርጥበት ይስባል፤ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ የደረቁ የፍሬን ጎማዎችና ሸራዎችም ይተኩ።

እዚህ ላይ ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት የሚያስፈልግ አንድ ዕቃ አለ። በብዙዎቹ ሃይሉክሶች ከሻንሲው ጋር የታሰረ፣ በቀጭን ዘንግ ከኋላ አክሰል ጋር የተያያዘ ቫልቭ ይገኛል። ጭነት ሲበዛ የመኪናው ጀርባ ይወርዳል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባለቤቱ ተጨማሪ ኩንታል ለመጫን ባሌስትራ ሲያስጨምር ጀርባው መውረዱን ይተዋል። ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። እንዲህ ነው ድንች የሞላ መኪና በአብዛኛው በፊት ፍሬን ቁልቁለት የሚወርደው። ባሌስትራ ከተጨመረ የዘንጉ ልክ በባለሙያ መስተካከል አለበት፤ ዘንጉ ዝጎ የተቆለፈም ከሆነ ይፈታ።

በግቢ ውስጥ በእጅ የሚሠራው ብዙ ነው፦ መፍታት፣ በናፍጣ ማጠብ፣ ዝገት መፋቅ፣ ግራሶ መሙላት፣ የተላጠ ሽቦ መሸፈን፣ ወንበር ማሰፋት። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ የየክፍሉን ብሎንና ዳዶ በየጣሳው ለይተው ስሙን ይጻፉበት። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ግን አይግቡ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደረግለት። ሲሊንደር ማስፋትና ቴስታታ ማስላጥ የሬቲፊካ ሥራ ነው፤ ፖምፓና ኖዝልም የራሳቸው መሞከሪያ ማሽን ስላላቸው እቤት አይነኩም። ለመለዋወጫ ባሕር ዳር ቅርብ ናት፤ እዚያ የጠፋው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። አሮጌ በር ወይም መብራት መግዛት ቁጠባ ነው። የፍሬን ዕቃ ላይ ግን አሮጌም ሆነ ርካሽ ኮፒ አይገባም።

ባትላሜራና ቀለም መጨረሻ ይመጣሉ፤ እነሱም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከጥቅምት በኋላ። እርጥበት ላይ የተቀባ ቀለም ያኩረፈርፋል። ሲያንጸባርቅ ተገዝቶ በሳምንቱ ውሃ የሚያፈላ መኪና ባለቤቱን ለሁለተኛ ወጪ ይዳርገዋል። ገንዘብዎ ለፍሬንና ለቀለም እኩል ካልበቃ ቀለሙን ለከርሞ ያቆዩት።

ሥራው ሲያልቅ የቢሮው ጉዳይ ይቀራል። ሞተር ከለወጡ ወይም ቀለም ከቀየሩ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት፤ ቁጥሩ ያልገጠመ መኪና ለቦሎም ለሽያጭም ያስቸግራል። የሞተሩን የግዢ ደረሰኝ ከሊብሬው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።