የሳያቲክ ሕመምና የቻይናውያን መርፌ

በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ውሎ መቀመጥ ነው፤ ይህም ለሳያቲክ ሕመምተኛ ፈተና ነው። ሳያቲክ ነርቭ ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሲሆን ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል ወደ እግር ይወርዳል። በአብዛኛው ከአከርካሪ አጥንቶች መካከል ሾልኮ የወጣ ዲስክ ሥሩን ሲጫነው እግር ድረስ ይጠዘጥዛል።

ቻይናውያን ሐኪሞች ሕመሙን በአኩፓንክቸር ያክማሉ፤ በአዲስ አበባው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይህን ሕክምና ሰጥተዋል። መርፌው «ቺ» የተባለውን ኃይል ያስተካክላል የሚለው ትምህርት በሳይንስ አልተረጋገጠም። ውጤቱ ግን የሚናቅ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ፣ 216 ቻይናውያን ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ የእግር ሥቃይ በመቶ ነጥብ መለኪያ በእውነተኛው መርፌ 31፣ በአስመሳዩ 15 ያህል ቀንሷል። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሕመምተኛ ግን መርፌ ሳይሆን አስቸኳይ የሆስፒታል ምርመራ ያስፈልገዋል።