ማርች 8 ካለፈ በኋላ

በሰው ኃይል አስተዳደር የምንሠራ ባለሙያዎች የጋራ ጉዳይ ያላቸው ሠራተኞች ስብስብ አቋቁሙ ስንባል የምንጀምረው ከስያሜውና ከምሥረታ ዝግጅቱ ነው። ለምሳሌ የሴቶች ስብስብ ሲሆን የሴቶች ቀን ማርች 8 ይከበራል፣ ኬክ ይቆረሳል፤ ሚያዝያ ሲገባ ግን ስብስቡን የሚያነሣው የለም። ይህ የሚሆነው ሠራተኛው መደራጀት ስለማይወድ አይደለም። ማታ አዲስ አበባ ዓለም ባንክ ወደሚባለው መንደር የሚገባ ሠራተኛ ሰፈሩ ውስጥ እድር አለው፣ እቁብ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞችም እ.ኤ.አ. በ1964 የቁጠባና ብድር ማኅበር መሥርተዋል። እድር የሚጸናው ለምን እንደቆመ አባሉ ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ተመዝግቧል፤ ማን እንደሚያወጣው፣ ማን እንደሚመልሰው በደንቡ ሰፍሯል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የቀረ ይቀጣል። እኛ የምናቋቁማቸው ስብስቦች የጎደላቸው ይኸው ነው።

ጡት የምታጠባ ሠራተኛን እንውሰድ። አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ማንም ያልያዘው ክፍተት ነው። ከዓለም ባንክ በጠዋት የታክሲ ሰልፍ ይዛ ሜክሲኮ አደባባይ የምትወርድ እናት እኩለ ቀን ላይ ጡቷ ሲወጠር የት ትለበው? ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ አንድ ወንበርና ትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃታል። ይህን አስተዳደሩ በራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቁት እናቶቹ ናቸው። በአሜሪካው ዜሮክስ ኩባንያ ጥቁር ሠራተኞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሲሰባሰቡም ጥያቄያቸው ቅጥርና እድገት ነበር፤ በዓል እንዲከበርላቸው አልነበረም።

ሠራተኛ ማኅበር እያለ ሌላ ስብስብ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ስለ ሁሉም ይደራደራል፤ የአንድ ክፍል ቁልፍ ግን ለድርድር ጠረጴዛ ይቀላል። ጉዳዩ ከከበደ ስብስቡ ለማኅበሩ ያስረክባል፤ የድርድሩን ሥልጣን አይሻማም። ከዚህ የሚከብደው ስብስብ ሠራተኛውን ይከፋፍላል የሚለው ስጋት ነው። በአገራችን ሁኔታ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም፤ በትውልድ ስፍራ ወይም በብሔር የሚሰባሰብ ቡድንን እኔም አልደግፍም። መሰባሰቢያው የኑሮ ሁኔታ ሲሆን ግን መልኩ ይለወጣል፤ እናትነት ወይም አካል ጉዳት ብሔር አይጠይቅም። የስብስቡ ደንብም የሦስት ቀን የአባትነት ፈቃዱን ጨርሶ የተመለሰውን አባት ጭምር መቀበል አለበት።

የሥራ ሰዓት ይባክናል የሚለው ቅሬታም ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ስብሰባው በወር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ሳይበልጥ፣ ከአስተዳደር ውሳኔ መስጠት የሚችል አንድ ኃላፊ በተገኘበት ይሁን። ከሥራ ሰዓት ውጭ ይደረግ ማለት ግን አይሠራም። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከተጠራ፣ የታክሲ ሰልፉ ሳይረዝም ወደ ልጇ ለመድረስ ስትል ከስብሰባው የምትቀረው እናቲቱ ራሷ ናት።