የድሬድ ስኮት ሙግት፦ ከሴንት ሉዊስ ችሎት እስከ እርስ በርስ ጦርነት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1846 ድሬድ ስኮትና ባለቤቱ ሃሪየት በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ፍርድ ቤት ሁለት አቤቱታዎች አቀረቡ። ሁለቱም ባሪያ ተብለው የተያዙ ሰዎች ነበሩ። መጻፍ ስለማይችሉ በፊርማ ፋንታ የመስቀል ምልክት አደረጉ። የጠየቁት ካሳ 10 ዶላር ብቻ ነበር። ዋናው ጥያቄ ግን ገንዘብ አልነበረም፤ በሕግ ነጻ ሰዎች መሆናቸው እንዲታወቅላቸው ነበር።

በዚያ ዘመን በሴንት ሉዊስ እንዲህ ያለ ክስ እንግዳ ነገር አልነበረም። በከተማዋ ፍርድ ቤት ወደ 300 የሚጠጉ የነጻነት ክሶች ቀርበዋል፤ በርካቶቹም በከሳሾቹ አሸናፊነት ተቋጭተዋል። የስኮት ጉዳይ ከሌሎቹ የተለየው በፍሬ ነገሩ አይደለም። መዝገቡ ከችሎት ወደ ችሎት ሲዘዋወር የአገሪቱ ፖለቲካ ተለወጠ፤ ሕጉም አብሮ ተለወጠ።

ተራኪ፦ ድሬድ ስኮት በ1799 ገደማ በቨርጂኒያ ተወለደ። የፒተር ብሎው ቤተሰብ ባሪያ ነበር። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ አላባማ፣ በ1830 ደግሞ ወደ ሴንት ሉዊስ ሲሄድ ስኮትንም ይዞት ሄደ። ብሎው በ1832 ሞተ። በዚያው ሰሞን ስኮት የጦር ሠራዊቱ ሐኪም ለነበረው ለዶክተር ጆን ኤመርሰን ተሸጠ።

ሐኪሙ በተመደበበት ሁሉ ስኮት ይከተለው ነበር። ከ1833 መጨረሻ ጀምሮ በኢሊኖይ በሚገኘው ፎርት አርምስትሮንግ የጦር ሰፈር ቆዩ። የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ባርነትን ይከለክል ነበር። በ1836 ወደ ሰሜን ተጉዘው ዛሬ ሚኒሶታ በሚባለው ምድር ወዳለው ፎርት ስኔሊንግ ተዛወሩ። ይህ አካባቢ ገና ግዛት ያልሆነ የፌዴራል መሬት ነበር። ኮንግረስ በ1820 ባወጣው የሚዙሪ ስምምነት በሚባለው ሕግ፣ ከፈረንሳይ በተገዛው ሰፊ ምድር ውስጥ ከሚዙሪ በስተቀር ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በስተ ሰሜን ባርነት ተከልክሏል። ፎርት ስኔሊንግ ከዚህ መስመር እጅግ ርቆ በሰሜን የሚገኝ ነው።

(ድምፅ፦ የእንፋሎት መርከብ ፊሽካ፣ የወንዝ ውኃ)

ተራኪ፦ ስኮት ከሃሪየት ሮቢንሰን ጋር የተገናኘው በዚሁ ሰፈር ነው። የሃሪየት ጌታ የነበረው የመንግሥት ሹም ሎውረንስ ታሊያፌሮ ራሱ አጋባቸው። ባሮች በሕግ የጸና ጋብቻ መፈጸም በማይችሉበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤላይዛ በ1838 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ፣ ከሚዙሪ ወሰን በስተ ሰሜን፣ በመርከብ ላይ ተወለደች። ሁለተኛዋ ልጅ ሊዚ በኋላ በሚዙሪ ተወለደች።

ኤመርሰን በ1843 ሞተ። ባለቤቱ አይሪን ኤመርሰን የስኮትን ቤተሰብ ለሌሎች ሰዎች እያከራየች ደመወዛቸውን ትሰበስብ ነበር። ስኮት ገንዘብ ከፍሎ ነጻ ለመውጣት ጠይቆ እሺታ ሳያገኝ ቀረ። ወደ ፍርድ ቤት የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ሃሪየትም የራሷን መዝገብ መክፈቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። በባርነት ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ነበር፤ የሁለቱ ሴቶች ልጆች ነጻነት የሚቆመው በእናታቸው ነጻነት ላይ ነበር።

ተራኪ፦ የሚዙሪ ሕግ ያላግባብ በባርነት የተያዘ ሰው እንዲከስ ይፈቅድ ነበር፤ ድሀ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድብለት ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1824 ዊኒ በተባለች ሴት ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ጌታው ነጻ ምድር ላይ ያኖረው ባሪያ ነጻ እንደሚሆንና ወደ ሚዙሪ ቢመለስም ነጻነቱን እንደማያጣ ወስኗል። በ1836 ደግሞ ሬቸል የተባለች ሴት ስታሸንፍ፣ ጌታዬ ወታደር ስለሆነ የሄደው በትእዛዝ ነው የሚለው መከላከያ ውድቅ ተደርጓል። የስኮት ጉዳይ ከሬቸል ጉዳይ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ሆኖም በ1847 የተካሄደው የመጀመሪያው ችሎት በማስረጃ ጉድለት ከሸፈ። ቤተሰቡን ከመበለቲቱ መከራየቱን እንዲያስረዳ የቀረበው ምስክር፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የተከራየችው ሚስቱ እንደሆነችና እሱ ክፍያውን ብቻ እንደፈጸመ ተናገረ። ቃሉ የስሚ ስሚ ተባለ። አይሪን ኤመርሰን ስኮትን በባርነት ለመያዟ ማስረጃ ስላልቀረበ፣ ስኮት ባሪያዋ ሆኖ እንዲቀጥል ተፈረደ። ዳኛው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ፈቀደ። በ1849 ከተማዋን ያወደመው ቃጠሎና የኮሌራ ወረርሽኝ ተጨምረው ቀጠሮው ተጓተተ። በእነዚህ ዓመታት ቤተሰቡን የሚያከራየው የአውራጃው ሸሪፍ ነበር፤ ደመወዛቸውም የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ በእጁ ይቀመጥ ነበር።

በጃንዋሪ 1850 የጁሪ አባላቱ ስኮት ነጻ ሰው ነው ብለው ወሰኑ። መበለቲቱ ይግባኝ አለች። ሁለቱ ተከራካሪ ወገኖች ከዚህ ወዲያ የድሬድ መዝገብ ብቻ እንዲቀጥልና ፍርዱ ለሃሪየትም እንዲጸና ተስማሙ።

በ1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሁለት ለአንድ ድምፅ የስኮትን ነጻነት ሻረ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ዊሊያም ስኮት የቀደሙት ፍርዶች መኖራቸውን አልካደም። ዘመኑ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ በባርነት ላይ የተነሣው ተቃውሞ አገር እያናጋ ስለሆነ ሚዙሪ የሌሎችን ግዛቶች ፀረ ባርነት ሕግ የማስከበር ግዴታ የለባትም የሚል ነበር ምክንያቱ። የሃያ ስምንት ዓመት ልማድ በዚህ ተቋረጠ።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አይሪን ኤመርሰን በማሳቹሴትስ ሌላ ባል ስታገባ፣ ጉዳዩን የያዘው የኒው ዮርኩ ወንድሟ ጆን ሳንፎርድ ሆነ። ይህ አዲስ በር ከፈተ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በተለያዩ ግዛቶች ዜጎች መካከል የሚነሣ ክርክር የማየት ሥልጣን አላቸው። የቀድሞ ጌቶቹ የብሎው ልጆች በገንዘብ ይረዱት ነበር፤ ጠበቃ ሮስዌል ፊልድም በ1853 የሚዙሪው ስኮት የኒው ዮርኩን ሳንፎርድ እንዲከስ አደረገ። ሳንፎርድ በበኩሉ የአፍሪካውያን ዘር የሆነ ሰው ዜጋ አይደለምና መክሰስ አይችልም ብሎ ተቃወመ። በ1854 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ተቃውሞውን ባይቀበልም፣ የሚዙሪን ሕግ ተከትሎ ለሳንፎርድ ፈረደ።

መዝገቡ ዋሽንግተን ሲደርስ አገሪቱ በእሳት ላይ ነበረች። በ1854 የወጣው የካንሳስና ነብራስካ ሕግ የሚዙሪን ስምምነት ሽሮ፣ ባርነትን የሰፋሪዎች ድምፅ እንዲወስነው አድርጎ ነበር። በካንሳስም ደም ፈሰሰ። ሞንትጎመሪ ብሌር ለስኮት ያለ ክፍያ ተከራከረ። በ1856 መጀመሪያ የተሰማው ክርክር በዓመቱ መጨረሻ ድጋሚ ተሰማ።

ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ባርነት ከጸናባቸው ግዛቶች የመጡ ነበሩ። ተመራጩ ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካናን ደግሞ ከዳኞች ጋር በምስጢር እየተጻጻፈ፣ የፔንስልቬንያው ዳኛ ሮበርት ግሪር ከደቡቦቹ ጋር እንዲቆም ገፋፋ። ማርች 4 ቀን 1857 ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ ፍርዱ ምንም ይሁን ምን እንደሚቀበለው ለሕዝብ ተናገረ። ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ተራኪ፦ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማርች 6፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ የሰባት ለሁለቱን ፍርድ አነበበ። ፍርዱ ሦስት ነጥቦች ነበሩት። አንደኛ፣ የአፍሪካውያን ዘር የሆነ ሰው፣ ባሪያም ይሁን ነጻ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ በፌዴራል ፍርድ ቤት አይከስም። ቴኒ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ጥቁሮችን ነጭ ሊያከብረው የሚገባ መብት እንደሌላቸው ፍጥረታት ይቆጥሩ ነበር አለ። ሁለተኛ፣ ባሪያ ንብረት ስለሆነ፣ ኮንግረስ በፌዴራል መሬት ላይ ባርነትን መከልከል አይችልም፤ የሚዙሪ ስምምነትም ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነበር። ሦስተኛ፣ ስኮት በኢሊኖይ መኖሩ የሚኖረውን ውጤት የሚወስነው የሚዙሪ ሕግ ነው።

ዳኞቹ ጆን ማክሊንና ቤንጃሚን ኩርቲስ በሐሳብ ተለዩ። የኩርቲስ መልስ በታሪክ ማስረጃ የተደገፈ ነበር፦ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ በአምስት ግዛቶች ነጻ ጥቁሮች ድምፅ የመስጠት መብት ነበራቸው፤ ያጸደቁትን ሰዎች ዜጋ አይደሉም ማለት አይቻልም። ደግሞም ስኮት መክሰስ አይችልም ያለ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ አልፎ ስለ ሚዙሪ ስምምነት የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ኩርቲስ በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ።

ተራኪ፦ ሳንፎርድ በሜይ 1857 በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። የአይሪን ሁለተኛ ባል ካልቪን ቻፊ የባርነት ተቃዋሚ የኮንግረስ አባል ነበርና፣ የአሜሪካ ስመ ጥሩ ባሪያ የቤተሰቡ ንብረት መሆኑ አሳፈረው። የስኮት ቤተሰብ ከብሎው ልጆች አንዱ ለሆነው ለቴይለር ብሎው ተላለፈ፤ እሱም ሜይ 26 ቀን 1857 በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣቸው። ስኮት በአንድ ሆቴል በር ጠባቂነትና ተሸካሚነት ሠራ። በሴፕቴምበር 1858 በሳምባ ነቀርሳ ሞተ።

ቴኒ የባርነትን ክርክር ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ የሚዘጋ ፍርድ የሰጠ መስሎት ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የባርነትን መስፋፋት ለመግታት የተቋቋመው ሪፐብሊካን ፓርቲ ዓላማህ ሕገ ወጥ ነው ሲባል ከመበተን ይልቅ ተጠናከረ። አብርሃም ሊንከን በ1858 ለሴኔት ሲወዳደር ፍርዱን ዋና መከራከሪያው አደረገው። ተቀናቃኙ ስቲቨን ዳግላስ፣ ሰፋሪዎች ለባርነት ጥበቃ ባለማድረግ ሊያስቀሩት ይችላሉ ሲል የደቡብ ዴሞክራቶች ከዱት። በ1860 ፓርቲያቸው ለሁለት ተከፍሎ ሊንከን ተመረጠ። ቃለ መሐላውን ያስፈጸመው ራሱ ቴኒ ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ።

ኮንግረስ በ1862 በፌዴራል መሬቶች ሁሉ ባርነትን ከለከለ። በ1865 የጸደቀው አስራ ሦስተኛው ማሻሻያ ባርነትን ከአገሪቱ አጠፋ። በ1868 የጸደቀው አስራ አራተኛው ደግሞ በአሜሪካ የተወለደና ለሕጓ የሚገዛ ሰው ሁሉ የአገሪቱም የሚኖርበት ግዛትም ዜጋ ነው ብሎ፣ የቴኒን ፍርድ ሻረ። ሃሪየት ስኮት ይህን ለማየት በቅታለች፤ በ1876 በሴንት ሉዊስ ዐረፈች።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)