የማኅፀን ፖሊፕና እርግዝና

«መካን» ተብላ በምትታማ ሴት ማኅፀን ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ ሥጋ ነው፤ ፖሊፕ እንለዋለን። የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት በኢስትሮጅን ሆርሞን አማካይነት ባንድ ቦታ ከመጠን በላይ ሲባዙ ይፈጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ያለ ወር አበባ ጊዜ ደም ሊያስፈስስ ወይም ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን ጽንሱ በሽፋኑ ላይ እንዳይተከል እንቅፋት ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በስፔን ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ የወንድ ዘር በመሣሪያ ወደ ማኅፀናቸው ሊገባላቸው የተዘጋጁ 204 ሴቶችን አነጻጽሯል። ፖሊፑ አስቀድሞ ከወጣላቸው 63 በመቶው፣ ካልወጣላቸው 28 በመቶው አረገዙ። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን፣ ፖሊፑ ወጥቶላቸው ካረገዙት መካከል 65 በመቶው ዘሩ ገና ሳይገባላቸው ማርገዛቸው ነው! ይሁንና ፖሊፕ ሁሉ ይውጣ አንልም፤ ትንንሾቹ አንዳንዴ በራሳቸው ይጠፋሉ።