በ100 ዶላር የሚከፈት ሱቅ፤ የኦቲዝም ቪዲዮ ጌም ለሆሳዕና ባለሀብት ያዋጣል?

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የቪዲዮ ጌም ንግድ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ሁለት ቴሌቪዥንና ፕሌይ ስቴሽን ገዝቶ፣ ወጣቶችን በየጨዋታው እያስከፈለ ኳስ የሚያጫውት ቤት ነው። በዚህ ሥራ ነጋዴው ሌላ አገር የተሠራ ዕቃ ያከራያል እንጂ የራሱ የሆነ ነገር አይሸጥም። በዚህ ሳምንት የምንመለከተው ሌላውን ንግድ፣ ይኸውም ጨዋታውን ራሱን ሠርቶ መሸጥን ነው። በምሳሌነት የመረጥነው ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ከኦቲዝም ጋር የሚኖርን ሰው የዕለት ሕይወት የሚያሳይ ጨዋታ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ጨዋታ ምን ይመስላል? ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ሲሆን፣ ሰው ከሌሎች ጋር የሚግባባበትን እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን የሚቀበልበትን መንገድ ይለውጣል። ጨዋታው ተጫዋቹን በዚያ ሰው ቦታ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በአንድ የጤና ቴክኖሎጂ ውድድር ላይ የተሠራው «ኦቲ ሲም» ተጫዋቹን ሕፃናት በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ያቆመዋል፤ ወደ ልጆቹ በቀረበ ቁጥር ድምፁ ይጮኻል፣ ምስሉ ይበታተናል፤ ራቅ ሲል ይረጋጋል። ልጁ ከእኩዮቹ ለምን እንደሚሸሽ ለማስረዳት ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም። ይሁንና የሚያሳየው ጭንቀቱን ብቻ ነው፤ ሰውየው ግን ጭንቀት ብቻ አይደለም።

የተሻለ የሠሩት ከቤቱ የወጡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ስቴፋን ካንታን የተባለ ካናዳዊ አባት ኦቲዝም ያለበትን ልጁን የአንድ ቀን ውሎ «ማክስ፣ አን ኦቲስቲክ ጀርኒ» በሚል ርዕስ ወደ ጨዋታ ለወጠው። በ2018 ደግሞ ብራድሊ ሄንሲ የተባለ ወጣት አውስትራሊያዊ፣ እሱ ራሱ ባለጉዳዩ ሆኖ፣ «አን አስፒ ላይፍ» የተሰኘውን ሠርቶ በነፃ አሠራጨ። ሁለቱም በስተጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ አልነበራቸውም። ኮምፒዩተር፣ ጊዜና የሕይወቱ ዕውቀት በቂ ነበር። ከሦስቱ በገንዘብ የማይገዛው ሦስተኛው ሲሆን፣ እርሱም ባለሀብቱ ዘንድ ሳይሆን እንዲህ ያለ ልጅ በሚያሳድገው ቤተሰብ ዘንድ ይገኛል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዓለም አቀፉ የጨዋታ ገበያ «ስቲም» እንደ ማንኛውም ደላላ ነው፤ ልዩነቱ ኮሚሽኑ 30 በመቶ መሆኑ ነው። የሰንጋ ደላላ ይህን ቢጠይቅ ከበረት በተባረረ ነበር። ለአንድ ጨዋታ መመዝገቢያ 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲያልፍ ይመልሰዋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ወጪ ደግሞ አለ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ስለሌላት፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው የሻጩ ድርሻ ላይ ሌላ 30 በመቶ ግብር ይቀነሳል።

ለስሌት ያህል ለሁለት ወጣት ባለሙያዎች ለእያንዳንዳቸው በወር 15,000 ብር ለ8 ወር ከፍለን፣ በ120,000 ብር ሁለት ኮምፒዩተር ብንገዛ ወጪው 360,000 ብር ይሆናል። «ጎዶ» የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ስለሆነ ለእሱ የሚከፈል የለም። ጨዋታው በ5 ዶላር ቢሸጥ ከደላላው በኋላ 3 ዶላር ተኩል ይተርፋል፤ ከገዢዎቹ ግማሹ አሜሪካ ቢሆኑ አማካዩ ወደ 2.98 ዶላር ይወርዳል። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው ወጪውን ለመመለስ 810 ያህል ቅጂ መሸጥ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የአገር ውስጡን ግብር ሳንጨምር። አንባቢ በአኃዞቹ ቦታ የራሱን ይተካ።

810 ቅጂ ቀላል ነው? አይደለም። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ጨዋታዎች በዚያ ገበያ ላይ ስለሚወጡ፣ ሳይታዩ የሚቀሩት ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መዝለሉ፣ ወጪው በብር ገቢው በዶላር ለሆነ ሥራ ሒሳቡን አቅልሎታል። በአገራችንም ጨዋታ ሠርቶ መሸጥ አዲስ አይደለም፤ ቀኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሯሩጠውን «ኩኩሉ» እ.ኤ.አ. በ2018 ለሞባይል አውጥቷል።

ታዲያ ለምን ሆሳዕና? ከተማዋ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚያው የኮምፒዩተር ሙያ ያስተምራል፣ ዱራሜም ካምፓስ አለው። ከደቡብ አፍሪካ ከወጡት ልጆች የሚላከው ገንዘብ በአብዛኛው ቤትና መኪና ላይ ነው የሚያርፈው፤ ያ ለመሸጥ የሚመች መሆኑ እውነት ቢሆንም ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ሲገዛ ትርፉ ይሳሳል።

ለጨዋታው የሚሆን ታሪክም ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ይገምታል። በዚህ አማካይ 100,000 ሕዝብ ባለው ከተማ ወደ 790 ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው። ነገር ግን ገበያ ውስጥ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ልጁ እርግማን ወይም ቅጣት ተደርጎ ስለሚታይ ቤት ውስጥ ይቀራል። የያሆዴ ወይም የመሳላ ሰሞን ገበያን፣ የሻጩን ጩኸት፣ የባጃጁን ጡሩምባ፣ የሚጎተተውን በሬ፣ እንዲህ ባለ ልጅ ጆሮ ብታሰሙት፣ ቫንኩቨር ያለው ተጫዋች ከዚህ በፊት ያልሰማው ነገር ይሆናል። ድምፁ በሐዲይሳና በከምባቲሳ፣ ጽሑፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢሆን ሁለቱንም ገበያ ይይዛል።

የአገር ውስጡን ፍላጎት ለመመዘን የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሥራ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም የተለዩት ወይዘሮ ዘሚ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው የሚሠሩ ነጋዴ ነበሩ። ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ ከግዕዝ ፊደል የድምፅ ሥርዓት ተነስተውም አፍ ላልፈቱ ልጆች «አቡጊዳ» የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። ጆይም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል የሚገኙት አዲስ አበባ ነው፤ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስልክ ግን በየቤቱ አለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ገዢ የሚሆነው ተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋምና የእርዳታ ድርጅት ነው፤ እነዚህ ደግሞ አንድ ቅጂ ሳይሆን የጅምላ ፈቃድ ይገዛሉ። በእኔ ግምት የአገር ውስጡ ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ውሉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታሪኩን የሚሰጠው ቤተሰብ በብዙ ቦታ «ምስጋና» ብቻ ተቀብሎ ይሸኛል። የልጁ ስምና ፊት በጨዋታው እንዳይገባ፣ ቤተሰቡም ከሽያጩ በመቶኛ ድርሻ እንዲኖረው በጽሑፍ ይስፈር፤ ከወረቱ ዋናውን ክፍል ያዋጣው እሱ ነውና። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ አይለቀቅ። መጀመሪያ የሁለት ወር ደመወዝና ኮምፒዩተሮቹ ብቻ ተከፍለው አምስት ደቂቃ የሚጫወት ናሙና ይሠራ፣ ናሙናውም እንዲህ ያለ ልጅ ላላቸው አምስት ወላጆች ይታይ። «ልጃችን እንዲህ አይደለም» ካሉ ሥራው እዚያው ይቁም፤ ኮምፒዩተሮቹ ተሸጠው ከ180,000 ብሩ አብዛኛው ይመለሳል።