የመነጽር ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ምን ይላል?

ናይሮቢ ውስጥ፣ ኢስሊ ሰፈር ይሁን መሀል ከተማ፣ ዓይኑን የተመረመረ ሰው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል። −2.00 ወይም +1.50 የሚል ተጽፎባታል። ብዙዎቻችን ቁጥሩን የዓይናችን ድክመት ማርክ አድርገን እንወስደዋለን። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ርቀት ነው።

1ን ለቁጥሩ ያካፍሉት፤ መልሱ በሜትር ይመጣል። −2.00 የታዘዘለት ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ ነው። ስልኩን በደንብ ያነባል፤ የሚመጣው ሚኒባስ (ማታቱ) 6 ቁጥር ይሁን 9 ቁጥር ግን አጠገቡ እስኪደርስ አይለይም። −4.00 ከሆነ ድንበሩ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። መለኪያው ዳዮፕተር ይባላል።

ሌንስ የሚሠራው ብርሃንን በማጠፍ ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ መስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ 200,000 ይወርዳል። አቅጣጫውን የሚያስቀይረው ይህ መዘግየት ነው። የኢስሊን የእጅ ጋሪ ያስቡ፤ ከአስፋልት ወደ ጭቃ በሰያፍ ሲገባ ቀድሞ የገባው ጎማ ይዘገያል፣ ጋሪውም ወደዚያው ይዞራል። ቀጥ ብሎ ከገባ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይዞርም። መሀሉ ወፍራም በሆነ ሌንስም በመሀል የሚያልፈው ጨረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ጠርዙ በተጠጋ ቁጥር ይበልጥ ይታጠፋል። በዚህ የተነሳ ከአንድ ነጥብ የተነሱ ጨረሮች ተመልሰው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ምስል የምንለው ይህንን ነው።

በቤትዎ ሊያዩት ይችላሉ። የ+2.00 የማንበቢያ መነጽር ይዘው ከመስኮት ፊት ለፊት ባለ ጨለም ያለ ግድግዳ ዘንድ ይቁሙ። ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲያርቁት የውጭው ሕንፃና ሰማይ ተገልብጠው ግድግዳው ላይ ይወጣሉ። በመቀነስ መነጽር ቢሞክሩ ምንም አያገኙም፤ እሱ ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም።

ዓይናችንም እንዲሁ የተገለበጠ ምስል ነው ሬቲና ላይ የሚያሳርፈው፤ ይህን በ1604 የገለጸው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። የዓይን ጠቅላላ ኃይል 60 ዳዮፕተር ያህል ሲሆን ከዚህ 43ቱን የምትሠራው የፊተኛዋ ጥርት ያለች ሽፋን፣ ኮርኒያ ናት። ውኃ ውስጥ ዓይናችንን ስንገልጥ ሁሉም የሚደበዝዘው፣ ውኃና ኮርኒያ ብርሃንን የሚያዘገዩት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ ነው።

የአዋቂ ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢረዝም ከ2 ዳዮፕተር በላይ የሆነ የሩቅ እይታ ችግር ይመጣል፤ ምስሉ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይሠራልና። የመቀነስ ሌንስ ብርሃኑን በትንሹ በትኖ ምስሉን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዓይን ካጠረ ደግሞ የመደመር ሌንስ ያስፈልጋል። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚመጣው የንባብ ችግር ሌላ ነው፤ የዓይን ውስጠኛ ሌንስ እየጠነከረ ለቅርብ ነገር መተጣጠፉን ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ ሲሊንደርና አክሲስ ካለ፣ ኮርኒያዎ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አልጎበጠችም ማለት ነው።

መንገድ ዳር የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ሁለቱ ዓይኖቻቸው እኩል ለሆኑና ሲሊንደር ለማያስፈልጋቸው አዋቂዎች ክፉ አይደለም። ለልጅ ግን በፍጹም አይሆንም። መነጽር ዓይን ያደክማል የሚለውንም ወሬ ይተዉት፤ ሌንስ የብርሃኑን መንገድ ያቃናል እንጂ ዓይንን አያሰንፍም።

ልጆችን በማስመርመር ላይ፣ በኬንያ ትራንስ ንዞያ በ50 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። በአንደኛው ወገን መምህራን የተማሪዎችን ዓይን በስልክ መረመሩ፤ ልጁ ጥቁር ሰሌዳውን እንዴት አደብዝዞ እንደሚያየው የሚያሳይ ሥዕል ለወላጅ ተላከ፣ በአጭር የስልክ መልእክትም ማሳሰቢያ ደረሰ። በዚህ ወገን ሐኪም ቤት ከተላኩት ልጆች 54 በመቶው ሄዱ፤ በተለመደው መንገድ ከተላኩት ግን 22 በመቶው ብቻ። ወላጆች የልጃቸውን ብዥታ በዓይናቸው ሲያዩና ማሳሰቢያ ሲደርሳቸው ተነሱ። እርስዎም ልጅዎ ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ወይም ቴሌቪዥን ላይ የሚለጠፍ ከሆነ፣ ጥፋተኛ አድርገው ከመቆጣትዎ በፊት ያስመርምሩት።